የኮሸሽላ አዳሪዎች

ባለፈው ጥቅምት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ልጄ ማርታ በአንድ እጇ ጭቃ የበላውን ጫማዋን፣ በሌላው የውሃ ብርጭቆ ይዛ ሳሎን ገባች። ብርጭቆው ውስጥ አንድ የኮሸሽላ ዘንግ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ነው የምትማረው፤ ያን ሰሞን ከዲላ ዳር ባሉት ጠፍ ቦታዎች እየዞረች እሾሃማ ነገር ሁሉ ስትሰበስብ ነበር የከረመችው።

"አባዬ፣ እነዚህን ሞተዋል ብለህ እንዳትጥላቸው" አለችኝ። "ተኝተው ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሐምራዊዎቹ አበቦች ላይ ጸጉራም ትናንሽ ንቦች ጭንቅላታቸውን ቀብረው፣ እግራቸውን ሰብስበው ድርቅ ብለዋል።

"ከቤት አውጪው።"

"ለትምህርት እኮ ነው። ነገ ጠዋት ሲነሱ ላያቸው..."

"አውጪው አልኩ። ግንቡ ላይ አስቀምጪው።"

ማርታ ከእኔ ጋር አትከራከርም፤ እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ወጣች። በኩሽና በኩል ስታልፍ ግን ለእናቷ "አባዬ ለአንድ እሾህ እንኳ ቦታ የለውም" ስትል ሰማሁ። እናቷ ሳቀች። እኔ አልተናደድኩም። ልጅቷ የማታውቀውን ነገር ልትናገር አትችልም፤ የማታውቀውም ስላልነገርኳት ነው።

በቤታችን የሚሳቅብኝ አንድ ሌላ ነገር አለ። መንገድ ላይ ሰው "ባለቤትህ እንዴት ናት?" ቢለኝ "ደህና ናት" ብዬ አላልፍም። "ጠዋት ስወጣ ደህና ነበረች" እላለሁ። ስለ ልጆቼም ቢሆን "ትናንት በስልክ ድምፁ ደህና ነበር" ነው የምለው። ሌላው ሰው ሰላምታውን ጨርሶ ሲሄድ እኔ ገና ሰዓቱን አስታውሳለሁ። ልጆቼ "አባዬ ሰላምታ ሲጠየቅ ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር ነው" ይላሉ። አመሉ ከየት እንደመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም። ብርጭቆው ላይ የነበሩት ንቦች ግን ያውቁት ነበር ብል አላጋነንኩም።

እናቴ የሞተችው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ በመስከረም ማብቂያ ላይ ነው። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ሁለታችንን ያሳደገችን እሷ ናት፤ እኔንና ታላቅ እህቴን አልማዝን። አልማዝን እታለም ነበር የምላት፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የምጠራት። ያን ጊዜ እታለም አስተማሪ ሆና ቡሌ ከተመደበች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ቡሌን ያላየ ሰው የጌዴኦን አገር በሙሉ ቡናና ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ ግን ቡናው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንሰቱ ይወፍራል፤ ቀርከሃ ይመጣል፤ ከዚያ ገብስና ጉም ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃው እጅ ይቆርጣል።

የዚያ ዓመት ክረምት አልወጣ ብሎ መንገዱን ስለቆረጠው፣ እታለም ለመስቀል ሳትመጣ ቀረች። እናቴ በዓሉን ስታዝን ዋለችና በማግስቱ ዳቦ ቆሎ ጠበሰችላት። "መንገዱ ሲደርቅ ትልክላታለህ" ብላ በነጭ ጨርቅ ከረጢት አስራ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ይዟት ተኛች። ዲላ በዚያ ወቅት ወባ ያልጎበኘው ቤት አልነበረም፤ እኛም እንደ ሌላ ጊዜው ያልፍላታል ብለን ነበር። አላለፈላትም። እህቴን የምናስጠራበት ስልክ አልነበረም፤ የቡሌ መንገድም መኪና አያስወጣም። አስከሬን ደግሞ መንገድ እስኪደርቅ አይጠብቅም። ቀበርናት።

ሰማዩ ጥቂት ቀን ዝናቡን ሲይዝ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ተሰማ ከሚያውቀው ነጋዴ ላንድሮቨር ከነሾፌሩ ለመነና "ተነሣ፣ ለእህትህ መርዶ ልንሄድ ነው" አለኝ። ጋሼ ተሰማ ሥርዓት አዋቂ ሰው ነበር። ሰው ሲሞት የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚባል፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚናገር ያውቃል። በመንገድ ላይ አስጠናኝ። ማታ ደርሰን ለገብስ ግዢ እንደመጣን እንናገራለን። ምንም እንዳልሆነ እንጫወታለን። በልታ ትተኛለች። ጎሕ ሲቀድ፣ ከመኝታዋ ሳትነሳ፣ እሱና የአካባቢው ሽማግሌዎች ገብተው ይነግሯታል።

"ብትጠይቀኝስ?" አልኩት።

"ደህና ናት ትላለህ።"

"ደህና ናት?"

"ሌላ ምን ልትል ነው? ዛሬ ማታ ትብላ፤ ነገ አይበላላትም። ዛሬ ትተኛ፤ ነገ እንቅልፍ አይወስዳትም። መርዶ እንዲህ ነው ልጄ። ለሷ ብለን ነው።"

የዳቦ ቆሎውንም ከረጢት ይዘን ነበር። እኔ ከግድግዳው ላይ ማውረድ አልቻልኩም፤ ያወረደው እሱ ነው። "ባዶ እጃችንን ከሄድን ትጠረጥራለች" ብሎ ጭኔ ላይ አኖረው። እስከ ቡሌ ድረስ በሁለት እጄ ይዤው ተጓዝኩ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ውስጡ ያለው ይንሿሿል።

እታለም የተከራየችው እማማ ወርቄ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበር። ገና ከበሩ ስንገባ ሮጣ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ገፋ አድርጋ ፊቴን አየችው።

"ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?"

በመንገድ ያላጠናሁት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። "አቧራ ገብቶበት" አልኩ።

ዝቅ ብላ እስከ ጉልበቴ የደረሰውን ጭቃ ተመለከተች። "በዚህ ጭቃ አቧራ ከየት አገኘህ?" ብላ ሳቀች። ጋሼ ተሰማም አብሮ ሳቀ፤ ከልቡ የሳቀ ነበር የሚመስለው። ሰው ሐዘን ይዞ እንደዚያ መሳቅ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያየሁት።

"እማዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

"ተቀይማኝ ይሆናል፤ ለመስቀል ስላልመጣሁ።"

"አልተቀየመችም" አልኩ። ይህኛው እውነት ስለነበር ድምፄ ጠንከር ብሎ ወጣ።

እማማ ወርቄ ከእንሰት የተጋገረ ትኩስ ወሳ ከጎመን ጋር አቀረቡ፤ ቅቤው ገና አልቀለጠም። እታለም ከወሳው ጥቂት ቀምሳ ወደ ከረጢቱ ዞረች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና ዳቦ ቆሎውን እፍኝ እፍኝ እየዘገነች መብላት ጀመረች። አመሻሹን በሙሉ ስትበላ አየኋት፤ ኩርሽም ኩርሽም ሲል እሰማለሁ።

"ዘንድሮ ጨው በዝቶበታል" አለች። "ለእማዬ ንገራት፤ ጨው ቀንሺ ብላሻለች በላት።"

"እሺ" አልኩ።

ስለዚያ ሌሊት የምጽፈው የለኝም። እሷ አልጋዋ ላይ፣ እኔ እዚያው ክፍል ወለሉ ላይ በቁርበት ተኛን። እሷ ተኛች። እኔ ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ጥሎኝ ሳለ ጋሼ ተሰማ በሩን ከፍቶ ትከሻዬን ነካኝ። ከኋላው በጉሙ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፤ ሽማግሌዎች፣ የእታለም የሥራ ባልደረቦች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። አንድም ድምፅ የለም። አልጋው ባዶ ነበር።

ጋሼ ተሰማ ሲደናገጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ ሥርዓት አልነበረውም።

እማማ ወርቄ አማርኛን ያወቁት ከአፍ መፍቻቸው ቀጥሎ ነውና ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርገው ይናገሩ ነበር። "እሾሁ ጋ ሄዷል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሁልጊዜ ጠዋት ይሄዳል። ከብት የነበረበት፣ እዚያ ታች።"

"አንተ ሂድ" አለኝ አጎቴ። "ቤት ይፈልጉሻል ብለህ አምጣት። ሳትሮጥ ሂድ። ከሮጥክ ይገባታል።"

ሳልሮጥ ሄድኩ። ያን መንገድ እስካሁን በሕልሜ ሳልሮጥ እሄደዋለሁ።

የቀድሞ የከብት በረት ነበር። ባለቤቶቹ ትተውት ከሄዱ ቆይቷል፤ አጥሩ ወድቋል፣ እበቱ አፈር ሆኗል፣ ያንን ሁሉ ኮሸሽላ ወርሶታል። ኮሸሽላ ሰውና ከብት ትቶት የሄደውን ቦታ ይወዳል። በእንሰት መሐል ሐምራዊ ሜዳ ያየ ሰው እዚያ ቤት ወይ በረት ነበር ማለት ይችላል። አንዳንዱ ከእኔ ይረዝማል። ቅጠሉ እሾህ፣ ግንዱ እሾህ፣ አበባውን ያቀፈው ጽዋ ሳይቀር እሾህ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ጣት የማይወጋ፣ እንደ ሐር ክር የለሰለሰ አበባ ያወጣል። ጤዛው በየእሾሁ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

እታለም ብርድ ልብስ ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"ተነሣህ እንዴ፣ እንቅልፋሙ?"

"ቤት ይፈልጉሻል።"

"ይቆዩ። ና፣ ቀስ በል፤ እሾሁ እንዳይወጋህ። እየው።"

ጣቷን ያመለከተችበት አበባ ላይ ሦስት ንቦች ነበሩ። አጠገቡ ባለው ላይ ሁለት። አንዷ በአፏ ብቻ የቅጠል ጫፍ ነክሳ፣ እግሯን በአየር ላይ አጥፋ ተንጠልጥላለች። ክንፋቸው ላይ ውሃ ተኝቷል። ዙሪያዬን ሳይ በየአበባው እንደዚያው ነው። ሜዳው በሙሉ ሬሳ የተሸከመ መሰለኝ።

"ሞተዋል" አልኩ።

ቀብር ካየሁ ወዲህ ያን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። በእሷ ፊት፣ ስለ ንብ አወጣሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እሷ ግን ሳቀች። "ተማሪዎቼም እንደዚሁ አሉ። አንዱማ ጉድጓድ ሊቆፍርላቸው ነበር። ተኝተው ነው። ፀሐይ እስክትነካቸው ጠብቅ።"

"ንብ ቀፎ የላትም እንዴ?"

"የቀፎዋ ንብ ማታ ቤቷ ትገባለች። እነዚህ ሌላ ናቸው፤ ቀፎ የላቸውም። የመሸባቸው ቦታ ያድራሉ። ይህን ደግሞ ላም አትበላው፣ ፍየል አትደፍረው፣ ሰው አይነካው። ከዚህ የተሻለ ማደሪያ ከየት ይመጣል?"

"ለእሾሁስ ምን ይጠቅመዋል?"

የምጠይቀው ለማወቅ አልነበረም። እንድትናገር ነው። እሷ እየተናገረች እስከሆነ ድረስ እናታችን ያልሞተችበት ሰዓት ትንሽ ይረዝማል።

"ሳይጠቅመውማ አያሳድራቸውም። ከዚህ አበባ ወደዚያ ዱቄቱን በጸጉራቸው የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ንብ ያልጎበኘው ኮሸሽላ ሲደርቅ ብትሰነጥቀው ገለባ ነው፤ ዘር የለውም። ቀን ቀን ደግሞ ብታይ፤ ቢራቢሮው፣ ጢንዚዛው፣ የቀፎዋም ንብ ትመጣለች። ገበያ ነው የሚመስለው። ሰው ግን እሾህ ነው ብሎ ያልፈዋል።" ብርድ ልብሷን ሳብ አደረገች። "እማዬን እዚህ ባመጣት ደስ ይለኝ ነበር። እሾህ ስለምትፈራ አትጠጋም እንጂ። ከሩቅ ታያለች።"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የጋሼ ተሰማ ድምፅ መጣብኝና ዘጋሁት። ሥርዓቱን እንዳላበላሽ ፈራሁ። ብናገርስ በምን ቃል? የሥርዓቱ ቃል የሽማግሌዎቹ ነው፤ የራሴ ቃል አልነበረኝም።

ያኔ በጉሙ ውስጥ ሲመጡ ታዩ። መታገስ አቅቷቸው፣ ወይም ፀሐይ ከወጣች መርዶ አይነገርም ብለው ይሆናል። ጋሼ ተሰማ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ በሰልፍ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቁልቁል ይወርዳሉ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ጋቢ ለብሶ በዝምታ የሚመጣ ሕዝብ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

"ታዴ" አለችኝ እታለም። "እነዚያ ሰዎች ወደ ማን ቤት ነው የሚሄዱት?"

ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከኋላችን ቤት አልነበረም። ኮሸሽላ ብቻ ነበር።

መልሳ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። አልጮኸችም፤ ከድንጋዩም አልተነሣችም። ሰዎቹ ደርሰው በግማሽ ክብ ከበቡን። ጋሼ ተሰማ ጉሮሮውን አጠራ። በዚያው ቅጽበት ፀሐይዋ ከማዶው ጋራ ጫፏን አወጣችና ብርሃኑ ከላይ እየጀመረ በኮሸሽላዎቹ ራስ ላይ ወረደ።

እታለም እጇን ከፍ አድርጋ "ቆይ" አለችው።

ያ ሥርዓት አዋቂ ሰው ቆመ። ሁላቸውም ቆሙ።

መጀመሪያ የንቦቹ ሆድ ነው የሚነቃነቀው፤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ይመስላል። ከዚያ የፊት እግራቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ክንፋቸው ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። አንዷ ተነሣች፤ ቀጥላ ሌላዋ። በአፏ ተንጠልጥላ የነበረችውም ቅጠሉን ለቀቀችና ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው በሙሉ ይዘምር ጀመር፤ ሬሳ መስሎኝ የነበረው ሁሉ ከራሳችን በላይ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

ከፊታችን ባለው አበባ ላይ አንዱ ቀረ። እታለም ትንፋሿን አሞቀችለት። ደገመችለት። አልተንቀሳቀሰም። ጋሼ ተሰማ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻለም፤ "ልጄ አልማዝ፣ እናትሽ አርፋለች፤ ነፍስ ይማር" አለ። ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። እሷ ግን እጇን ዘረጋችና አበባውን ከነእሾሁ በመዳፏ ጨብጣ፣ ጠምዝዛ ቀነጠበችው። ደሙ በእጇ አንጓ ወረደ።

ላንድሮቨሩ ውስጥም አላለቀሰችም። ጋሼ ተሰማ ከፊት ሆኖ መለስ እያለ ያያታል። በእኛ ዘንድ መርዶ ሰምቶ አለማልቀስ ያስፈራል፤ ሰው በዚያ ታሞ ይቀራል ይባላል። አብረውን የመጡት እማማ ወርቄ ጀርባዋን እያሹ "ልጄ፣ አልቅስ። አልቅስ፣ ይሻልሃል" ይሏታል። እሷ የተጨበጠ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ገብሱ አለፈ። ቀርከሃው አለፈ። መንገዱ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። የቡናው ዛፍ ጥላ ሲጀምር እታለም መስኮቱን ዝቅ አደረገችና መዳፏን ከፈተች።

ንቡ አንድ እግሩን ሲዘረጋ አየሁት። ከዚያ ሌላውን። የእሷ ደም የደረቀበትን ክንፉን አርገፍግፎ፣ ከአበባው ጫፍ ወደ ጣቷ፣ ከጣቷ ወደ ነፋሱ ሄደ። ከአገሩ ወደማያውቀው አገር ነው የሄደው፤ ይህን ያሰብኩት ግን ዘግይቼ ነው።

እታለም ወደ እኔ ዞረች። መርዶውን ከሰማች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

"ማታ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?"

"ደህና ናት" አልኩ።

"ደህና ናት" አለች። ስድብ አልነበረም። ቃሉን ቀምሳ ማየቷ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ዲላ እስክንገባ አላቆመችም። ጋሼ ተሰማ "ተመስገን" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትቼ አናጢ ቤት ገባሁ። ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት በምሳ ሰዓት፣ በመጋዝ ብናኝ ላይ ተቀምጬ፣ ከሰው እየለመንኩ ካነበብኩት መጽሐፍ ነው። ቀፎ አልባ ንቦች አበባ ላይ እንደሚያድሩ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አገኘሁ። አብዛኞቹ አዳሪዎች ወንዶቹ እንደሆኑም እዚያው አነበብኩ። አንብቤ መጽሔቱን ዘጋሁት። እህቴ የነገረችኝ ሁሉ ትክክል ነበር።

እታለም አልወቀሰችኝም። አንድም ቀን ነገሩን አላነሳችውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ማንም ሰው "እንዴት ነው?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ይህን ለማስተዋል ዓመታት ወስዶብኛል። ሰው እርስ በርሱ ሲገናኝ ከዚህ ጥያቄ ውጪ ምን ይጠያየቃል? እሷ ሰውየውን ራሱን ትፈልጋለች። ባለቤቴ ማርታን ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ፣ ያን ጊዜ ወደምታስተምርበት ወደ ፍስሐ ገነት ስልክ ደወልኩ። "እመጣለሁ" አለችና ዘጋችው። በጭነት መኪና ቡና ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጥታ፣ ከእኔ አጠገብ አልፋ፣ ገብታ በዓይኗ አየቻት። ዛሬም እዚያው ፍስሐ ገነት በጡረታ ትኖራለች፤ ስትደውል "አገናኘኝ" ነው የምትለው። ማርታን አገናኘኝ። እናቷን አገናኘኝ። እኔ ስልክ አቀባይ ነኝ።

ልጆቼን ውሸት አስተምሬ አላሳደግኩም። ውሸት ሲናገሩ አልታገስም፤ በዚህም ጨካኝ አባት እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ስለዚያ ማታ ግን ዛሬም የምፈርደው አላገኘሁም። የመርዶን ልማድ አልወቅስም። አሁን ሰው የአባቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ከስልኩ ላይ ያነብባል፤ የእኛው ይሻል ነበር ልል እፈልጋለሁ። ቢያንስ ሽማግሌ ከጎኑ ይቆም ነበር፤ አንድ ሌሊት ይቆረስለት ነበር። ያቺን አንዲት ሌሊት ለእህቴ ሰጠኋት ወይስ ነጠቅኳት? እናቷ በሕይወት አለች ብላ ያሳለፈቻት የመጨረሻ ማታ ያቺ ናት፤ የሠራሁላት ግን እኔ ነኝ፤ በአንድ ቃል። ያንን ቃል ሳስብ የሚሰማኝ ዳቦ ቆሎው ሲንኮሻኮሽ ነው።

ማርታ ብርጭቆውን ግንቡ ላይ ባስቀመጠች ማግስት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ወጣሁ። ብርጭቆው ጋ ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ እሷም ነጠላ ደርባ መጣች፤ እኔን እዚያ ስታይ ልትመለስ ነበር።

"ሞተዋል ብዬ ልጥላቸው አይደለም" አልኳት። "ተቀመጪ።"

ፀሐይ እስክትደርስ ድረስ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ንቦቹ ሲነሱ ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻቸው። ምን እንደምታደርግበት አልጠየቅኳትም። እኔ ቤት ገብቼ ቁርሴን ስጀምር ስልኬ ጮኸ። እታለም ነበረች።

ትንፋሿ ይሰማኛል። "ማርታ የላከችልኝን አየሁት" አለች በመጨረሻ። እኔ "አገናኘኝ" እስክትል ጠበቅኩ። አላለችም።

"ታዴ፣ ማርታ እንዴት ናት?"

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው መልስ ነበረው።

"ቆዪ" አልኳት። ተነሣሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ማርታ ግንቡ ሥር ተንበርክካ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ብርጭቆው ላይ አፍጥጣለች። ጸጉሯ ላይ ፀሐይ አርፋለች። የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ዞር ሳትል "አባዬ፣ አንዱ ገና አልተነሣም" አለችኝ።

"ደህና ናት" አልኩ ለእህቴ። "እያየኋት ነው።"